ሳይነበብ የተነበበ ደብዳቤ

ሰው በሰው ላይ መፍረድ የሚጀምረው መቼ ነው? ቃሉን ከሰማ በኋላ ነው ወይስ ገና ከመስማቱ በፊት? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የፍልስፍና መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከራከሩበት፣ ለእኛ ለሠርቶ አዳሪዎች ግን እምብዛም የማይፈይድ ይመስላል። ዳሩ ግን ዛሬ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ሳያስበው በየቀኑ ይመልሰዋል። ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ማን እንደሚጽፈውና ምን ጉዳይ ይዞ እንደሚመጣ ያልታወቀ ደብዳቤ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚነበብ ወይም ጭራሹኑ እንዳይነበብ የሚወስን ደንብ አስቀድሞ ጽፎ ለማሽን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ፈራጁ ማን ነው? ማሽኑ ወይስ ሰውየው?

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ሜይሊንግ ሊስት የሚባለው አንድ የኢ-ሜይል አድራሻ ሲሆን ወደዚያ አድራሻ የተላከ መልእክት በዝርዝሩ ለተመዘገቡት ሁሉ ይበተናል። አባላቱ ሃምሳም ይሁኑ አምስት ሺህ ለላኪው ድካሙ አንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝርዝሩን የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ አዲስ ገቢውን የሚጽፍ፣ ወጪውን የሚሰርዝ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፓሪስ ውስጥ ኤሪክ ቶማስ የተባለ ተማሪ ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ሊስትሰርቭ የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሊስት መክፈት ቀላል ሆነ። ስለ ግብርናውም፣ ስለ ሕክምናውም፣ ስለ ስደቱም ጉዳይ በየፊናው ተከፈተ።

በእኛም አገር ቢሆን ኢ-ሜይል ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል መልእክቱን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ይልክና ይቀበል ነበር። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤታችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያን ጊዜ መልእክት ብርቅ ነበር። የደረሰው ሁሉ ይነበባል፤ አንዳንዱም በወረቀት ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ብርቅ የሆነን ነገር ማንም በወንፊት አይነፋም።

ዛሬ እኔ ራሴ በሥራዬ ምክንያት ከአሥር በማያንሱ ሊስቶች ተመዝግቤያለሁ። በሥራ ቀን ከመቶ የማያንስ መልእክት ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ በስሜ የተጻፉልኝ፣ «ወንድም እገሌ» ብለው የሚጀምሩት ጥቂቶች ናቸው። ቀሪው የአደባባይ ንግግር ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው «እኔም እስማማለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ለሺህ ሰው ይበትናል። (እግዚኦ ያሰኛል! በአካል ስብሰባ ላይ ቢሆን ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር።) ፊልተር የሚባለው ነገር የመጣው ለዚህ ነው። ለኮምፒዩተሩ «ከዚህ ሊስት የመጣውን እዚህ ፎልደር ክተት፣ ከዚያኛው የመጣውን እዚያ፤ የቀረውን ኢንቦክስ ውስጥ ተወው» ብሎ ማዘዝ ነው።

ችግሩም መፍትሔውም ከሚመስለን በላይ አሮጌ ነው። ፒተር ዴኒንግ የተባሉት የኮምፒዩተር ሊቅ የአሜሪካው የሙያ ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1982፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ኮተት በማኅበሩ መጽሔት ጽፈው ነበር። መረጃን በማመንጨትና በማስተላለፍ ብዙ ስንደክም ስለ ተቀባዩ ግን ትንሽ ነው ያሰብነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ላሪ ዎል የተባለ ፕሮግራመር በሠራው የዜና ማንበቢያ ውስጥ «ኪል ፋይል» የሚባል ነገር ገባ፤ ማየት የማትፈልገውን ርእስ ወይም ሰው ስሙን ትጽፋለህ፣ ከዚያ በኋላ አታየውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የኤም.አይ.ቲ.ው ቶማስ ማሎንና ባልደረቦቻቸው ተራ ሠራተኛ ሳይቸገር የራሱን ደንብ የሚጽፍበት ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። በ1990 ስቴፈን ቫን ደን በርግ ፕሮክሜይልን ሠራ። በ2001 ደግሞ ለማንም ኩባንያ የማይወግን የደንብ መጻፊያ ቋንቋ ወጣ፤ ስሙ ሲቭ ነው። ሲቭ ማለት ወንፊት ማለት ነው። አሁን የሚሠራበት ሥሪት በ2008 የጸደቀው ነው።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የማሎን ሥርዓት ፊልተርን መከልከያ ብቻ አላደረገውም ነበር። አንድ ሰው መልእክቱን ለሚያውቃቸው ሲልክ አብሮ ወደ አንድ የጋራ ሣጥን እንዲልከው ያስችለዋል፤ ከዚያም የማያውቀው ሰው የጻፈው ደንብ መልእክቱን ከሣጥኑ ፈልጎ ይወስደዋል። ማለትም ደንቡ እንግዳውን ከበር የሚመልስ ብቻ ሳይሆን መንገድ ወጥቶ እንግዳ የሚቀበልም ነበር። ከሁለቱ ጠባዮች ዛሬ እጃችን ላይ ጎልቶ የቀረው የፊተኛው ነው። ለምን? ይህን አንባቢ ይመልሰው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰውን ሳይሰሙ ወደ ፎልደር መክተት ነውር ነው ወይስ አይደለም?

እኔ በመሠረቱ ነውር አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴም ደንቡ ከሚያየው ነገር ይነሣል። ማንኛውም ኢ-ሜይል ከጽሑፉ በላይ ተቀባዩ ዘወትር የማያያቸው የራስጌ መስመሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 የተደነገገው የሊስት መለያ ነው፤ መልእክቱ የመጣው በየትኛው ሊስት በኩል እንደሆነ ይናገራል። በዚህ መስመር የሚለይ ደንብ ሰውየውን አይመዝንም፤ የመጣበትን መንገድ እንጂ። ያው ሰው ነገ በቀጥታ በስሜ ቢጽፍልኝ ደብዳቤው ኢንቦክሴ ውስጥ ይቀመጣል። በአደባባይ ለሺህ ሰው የተናገረና በሬን አንኳኩቶ የጠራኝ እኩል መብት የላቸውም። ደግሞም ሁሉን በእኩል አነባለሁ የሚል ሰው ማንን እንደሚበድል እናስተውል። የሚበደለው በስሙ ጽፎለት መልሱን የሚጠብቀው ነው፤ ደብዳቤው ከሰማንያ «እስማማለሁ» ሥር ተቀብሯልና።

የእኛም ዝግጅት ክፍል ቢሆን ደብዳቤ ይለያል። የግጥሙ ለብቻ፣ የአቤቱታው ለብቻ፣ ለአምደኞች የመጣው ለብቻ ይቀመጣል። ይሁንና እዚያ ፖስታውን የሚቀድድ ሰው አለ። ቢያንስ አንድ ጥንድ ዓይን ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያርፋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው! ማሽኑ ፖስታውን አይቀድም፤ ቢቀድም እንኳ የሚያየው ቃል እንጂ ነገር አይደለም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያየሁት በሁለት ወዳጆቼ ጉዳይ ነው። ሁለቱም የአንድ ሠፈር ልጆች ሲሆኑ የሚኖሩት በሰሜን አሜሪካ በአንድ ከተማ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከብዙ ዓመታት በፊት የከፈቱት ሜይሊንግ ሊስት አላቸው። የኪራይ ቤት ማስታወቂያው፣ የሚሸጠው መኪና፣ የዒድ ሶላት የሚሰገድበት አዳራሽ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ፣ ሁሉም በዚያው ይፈስሳል። አንደኛው ወዳጄ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። የሊስቱ ጫጫታ ቢያስመርረው አንድ ደንብ ጻፈ። ከሊስቱ የሚመጣው ሁሉ ኢንቦክሱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አንድ ፎልደር ይግባ፤ ያልተነበበ መልእክት ቁጥር እየቆጠረ እንዳይነዘንዘውም ከመግባቱ «ተነቧል» ተብሎ ምልክት ይደረግበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብቼ አየዋለሁ ብሎ ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ያያል፤ አንዳንድ ቅዳሜ እንቅልፍ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሱብሒ በኋላ የሁለተኛው ወዳጄ እናት ሞቱ። የእኛ ቀብር እንደማይዘገይ የታወቀ ነው፤ የጀናዛው ሶላት ከዙህር ቀጥሎ እንዲሆን ተወሰነ። ከዘመዶቹ አንዱ በጥድፊያ ስልኩን አወጣና በሊስቱ ላይ ከነበረው የመጨረሻ መልእክት ሥር መልስ አድርጎ መርዶውን ጻፈ። የመልእክቱ ርእስ ታዲያ «የቅዳሜው ስብሰባ ሰዓት» የሚለው አሮጌው እንዳለ ቀረ። ለሁሉም ደርሷል በሚል እምነት ማንም ለማንም አልደወለም። የሌሊት ሠራተኛው የሰማው ሐሙስ ነው፤ ያውም ገበያ ውስጥ በአጋጣሚ። ሟቿ «ልጄ» ይሉት የነበረ፣ በየረመዳኑ ለማፍጠሪያ ሾርባ ይልኩለት የነበረ ሰው ነው!

ለተዕዚያ ሲሄድ ወዳጁ ፊቱን አዞረበት። «መልእክቱ እኮ ደርሶሃል» አለው። «ወላሂ አላየሁትም» አለ ይኸኛው። «ላሳይህ» ብሎም ስልኩን አወጣ፤ አለማየቱን ሊያስመሰክር። ፎልደሩን ከፈተ። መልእክቱ አለ፤ «የተነበበ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። የገዛ ስልኩ መሰከረበት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊያስታርቋቸው የተሰበሰቡ ሰዎች የተከራከሩትን አንደኛው ወዳጄ በስልክ አጫውቶኛል፤ ሌላኛውም ሲነግረኝ ቃሉ አልተለየም። አንዱ ሸምጋይ «ኒያው ክፉ አልነበረም፤ ስለዚህ ጥፋት የለበትም» አለ። ሌላው ደግሞ «በሩ ላይ ዘበኛ ቀጥሮ ማንንም እንዳታስገባ ያለ ሰው፣ እንግዳው ሲመለስ እኔ አላባረርኩም ማለት ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ አዛውንት ሐጂ ግን «ዘበኛ እኮ ዓይን አለው፤ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ያያል። ይኼ የምትሉት ነገር ያያል እንዴ?» አሉ። አያይም ተባሉ። «እንግዲያማ ዘበኛ አትበሉት» አሉና ዝም አሉ።

እኔ ከሁሉም የሐጂው ጥያቄ ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል ባይ ነኝ። ብዙዎቻችን ፊልተርን እንደ ወኪል እናየዋለን። ወኪል የተሰጠውን ትእዛዝ ከሁኔታው ጋር ያመዛዝናል፤ ባያመዛዝን እርሱም ይጠየቃል። ደንብ ግን ወኪል አይደለም። ደንብ ማለት ባለፈው ወር ደክሞህና ተናደህ ሳለህ የተናገርከው ቃል ነው፤ ዛሬም ያንኑ ቃል ሳይለውጥ ይደግማል። የሚያመዛዝን ሦስተኛ ወገን በመካከል ስለሌለ ተጠያቂነቱ የሚካፈል አይደለም፤ ሙሉው ወደ ጻፈው ሰው ይመለሳል። «ኮምፒዩተሩ ነው» የሚለው ሰበብ ስለዚህ አያስኬድም።

ይህን ስል ግን ወዳጄ ሟቿን ንቋል፣ ለቅሶውን አቃሏል ማለቴ አይደለም። ተጠያቂነትና ክፋት ለየቅል ናቸው። የወሰነው ነገር አንድ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚመጣ ጉዳይ ሁሉ እስከ ቅዳሜ ሊቆይ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «ለምን አልመጣህም?» ተብሎ ሳይሆን «በዚያ መንገድ እስከ ቅዳሜ የማይቆይ ጉዳይ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር ወይ?» ተብሎ ነው። ያውቅ ነበር። ከዚያ በፊት የሞቱ ሰዎችን መርዶ የሰማው በዚሁ ሊስት ነበር። በአንጻሩ ደግሞ መርዶን በስብሰባ ሰዓት ርእስ ሥር የላከውም፣ ስልክ ያልደወሉትም ድርሻቸውን ይውሰዱ። ለሺህ ሰው በአንዴ መላክ የተቻለበት ዘመን ለአንድ ሰው መደወልን ያስቀረ መስሎን ከሆነ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው።

«ተነቧል» የምትለዋ ምልክትስ? አንዳንዱ ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር ነው ይል ይሆናል። ምልክቷን የሚያያት ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ታዲያ ማን ተዋሸ? እኔ ግን ከደንቡ ሁሉ የከፋችው እርስዋ ነች እላለሁ። መልእክትን ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ቀጠሮ መስጠት ነው፤ «ቆይ፣ እመጣልሃለሁ» ማለት ነው። ያልተነበቡትን የሚቆጥረው ያ የሚያሰለች ቁጥር ደግሞ የቀጠሮው ደብተር ነው። የሠፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ያልተከፈለውን ሁሉ «ተከፍሏል» ብሎ ቢሰርዝ ደንበኛውን አልዋሸም፤ ማንንም አላታለለም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወዳጄ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የሰረዘው የሌሎችን ዕዳ ሳይሆን የራሱን መሆኑ ብቻ ነው።

የሲቭን ቋንቋ ያረቀቁት ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ አስበውበታል ማለት ይቻላል። በእነርሱ ደንብ፣ አንድን መልእክት የሚመለከት ትእዛዝ ካልተገኘ መልእክቱ በዝምታ ኢንቦክስ ውስጥ ይቀመጣል። ደንቡ ሲሠራ ስሕተት ቢገጥመውም እንዲሁ። ማለትም ማሽኑ ያላወቀውን ነገር ወደ ሰው ይመልሰዋል እንጂ አይጥለውም። የቤታችን ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን ያስቀራል፤ ይኸኛው ወንፊት ግን ያልታዘዘበትን አንዲት ፍሬ እንኳ አይጥልም። ለመጣል የግድ «ጣል» ብሎ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል።

እዚህም ላይ ሁለት ዓይነት መጣል አለ። አንደኛው መልእክቱን ድምፅ ሳያሰሙ ማጥፋት ነው፤ ላኪው የደረሰ ይመስለዋል፣ መልስም ይጠብቃል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ተጨማሪ ድንጋጌ የተብራራው ሲሆን ለላኪው «አልተቀበልኩህም» ብሎ መመለስ ነው። በመርሕ ደረጃ ሁለተኛው የጨዋ ሥራ ነው፤ እምቢታን በፊት ለፊት መናገር ሰውን ከንቱ ተስፋ ከማስጠበቅ ይሻላልና። ዳሩ ግን ዓለም ተንኮለኛ ነች! ቆሻሻ መልእክት የሚበትኑ ሰዎች የላኪውን አድራሻ ከሌላ ሰው ሰርቀው ይጽፋሉ። ስለዚህ «አልተቀበልኩህም» የሚለው መልስ ምንም ወዳልጻፈ ንጹሕ ሰው ሄዶ ያጥለቀልቀዋል። ጨዋነት እንኳ አድራሻው እውነተኛ መሆኑን ካላረጋገጠ ወደ በደል ይለወጣል። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎቹ እምቢታውን መልእክቱ ገና በር ላይ ሳለ፣ ተቀብለነዋል ሳይባል እንዲናገሩት ይመክራሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ሰው ስም ላንሣ። ከላይ በመንገድ መለየት ነውር አይደለም ብያለሁ። በስም መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። ኪል ፋይል ውስጥ የወንድምን ስም መጻፍ በዘመናዊ ቋንቋ የተነገረ ኩርፊያ ነው። መኮራረፍ ከሦስት ቀን እንዳያልፍ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ኪል ፋይሉ ግን ቀን አይቆጥርም፤ የተጣላህበትን ምክንያት አንተ ከረሳህ በኋላም ያስታውስልሃል። ከአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች አንዱ፣ ግኑስ የሚባለው፣ በዚህ ረገድ ከብዙ ሰው የተሻለ ጠባይ ነበረው። ጊዜያዊ ተብሎ የተጻፈ ደንብ ለሰባት ቀን ያህል የሚመለከተው መልእክት ካላገኘ በራሱ ይሰርዘዋል። ቂሙን ይረሳል ማለት ነው። (ሰባት ከሦስት ይበልጣል፤ ቢሆንም ለማሽን መጥፎ አይደለም።) የሚሰድብን፣ የሚዋሽን፣ ሰውን ከሰው የሚያባላን ከበር መመለስ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ግን ያ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ በየጊዜው መልሶ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

መንገድና ሰው የማይለያዩበትም ጊዜ አለ። አንድ ባለሥልጣን ከስደተኞች ማኅበር ሊስት የሚመጣውን ሁሉ ወደ ጥግ ቢከት መንገዱን እንጂ ሰዎቹን አልለየሁም ማለት አይችልም፤ ሌላ መንገድ የላቸውምና። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ጂሜይል ውስጥ መልእክቶችን በራሱ ግምት ለያይቶ በየትር ማስቀመጥ ሲጀምር ደግሞ ደንቡን ራሳችን መጻፋችንም ቀረ። ያን ጊዜ ቢያንስ ምን እንዳዘዝን እናውቅ ነበር።

የወዳጄ ጉዳይ ሌላም መዘዝ ነበረው። ከእርቁ በኋላ «ደንቡን አሻሽለዋለሁ፤ የመርዶ ቃል ያለበትን ሁሉ ኢንቦክስ ውስጥ አስቀር እለዋለሁ» ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ መልካም ነው። ቃሉን ሊጽፍ ሲል ግን ፊደላችን ገጠመው። አንዱ «አረፉ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ዐረፉ»፣ ሦስተኛው «ዓረፉ»። ለእኛ ለአንባቢዎች ሁሉም አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን አልፋው አና ዓይኑ ዐ እንደ በግና እንደ ግመል የተለያዩ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና። «ጀናዛ» የሚል አለ፣ «ጃናዛ» የሚል አለ፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈው ወጣት ደግሞ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ይጽፈዋል። «እማማ ጥለውን ሄዱ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ይህን የሚይዘው የትኛው ቃል ነው? በሌላ በኩል «አረፉ» የሚለውን ብትይዝ «እንግዶቹ ሆቴል አረፉ» የሚለው ሁሉ ኢንቦክስህን ይሞላዋል። ሐዘንን በቃል ዝርዝር መያዝ እንደማይቻል ከሦስት ሳምንት ሙከራ በኋላ ተወው።

ይልቅስ የሊስቱ ኃላፊ ያደረገው የተሻለ ሆነ። ለመርዶና ለጀናዛ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ሊስት ከፈተ፤ መልእክት መላክ የሚችሉትም አራት ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አደረገ። የዚህ ሊስት የራስጌ መለያ ሌላ ስለሆነ የማንም ፊልተር ከጫጫታው ጋር አያደባልቀውም። ሸክሙ በከፊል ከተቀባዩ ወደ ላኪው ዞረ ማለት ነው፤ ዴኒንግ ከአርባ ዓመት በፊት ስለ ተቀባዩ እናስብ ሲሉ ከጠቀሱት ጉዳይ የራቀ አይመስለኝም። ያም ሆኖ በሕይወት ዘመናቸው ኢ-ሜይል ከፍተው የማያውቁ እናቶችም ስላሉ የስልክ መደወያ ተራ ወጥቷል።

ወዳጄ ፊልተሩን አላጠፋውም። የሌሊት ሠራተኛ ነውና ሊያጠፋው አይችልም፤ እኔም አጥፋው አላልኩትም። ያጠፋው «ተነቧል» የምትለዋን መስመር ብቻ ነው። ከዚያም አንድ እሑድ ቁጭ ብሎ በዚያ ምልክት ሥር የተጠራቀመውን የሁለት ዓመት መልእክት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዘ። መጀመሪያ ያገኘው የልጅ መውለድ ብሥራት ነው፤ ልጁ አሁን ይራመዳል። ቀጥሎ ያልሰማው ሌላ መርዶ አገኘ። ከዚያ ደግሞ አንድ አዲስ መጥ ወጣት ለሁለት ሳምንት ብቻ ማደሪያ የሚሰጠው ሰው ይኖር እንደሆነ የጠየቀበትን መልእክት አገኘ። በወቅቱ የወዳጄ ምድር ቤት ባዶ ነበር። ወጣቱን ለማግኘት በዚያ አድራሻ ቢጽፍም መልስ አልመጣለትም፤ ከተማውን ለቆ ሄዷል ይላሉ። ንባቡን ግን አላቋረጠም፤ ባለፈው ሲደውልልኝ አሥራ አራተኛው ወር ላይ ደርሶ ነበር።